ሁለት ልሙጥ ወረቀቶች

ወጋየሁን ለማያውቅ ሰው አስቀድሜ የምነግረው ዓይነ ስውር መሆኑን አይደለም፤ እሱን ማንም ያየዋል። የምነግረው አራሚ መሆኑን ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ስሙን የማያውቁት እንኳ «አራሚው» ሲባል ያውቁታል። የዕድር ጥሩምባ ነፊ የቀብሩን ሰዓት አሳስቶ ሲለፍፍ ከአልጋው ሳይነሣ በመስኮት ያርመዋል። ደህና አደርክ ሲሉት «ትናንት ድምፅህ ጎርንኖ ነበር፤ ዛሬ ተሻሽሏል» ብሎ ማርክ ይሰጣል። ጎረቤቱ ስለነበርኩ ስንቴ እንደታረምኩ እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

እኔ አምሐ እባላለሁ። ይህ ነገር በሆነበት በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ማኅተም እጠብቃለሁ፣ ሊቀመንበሩ ሲቆጣ ደግሞ ከደብተሬ ቀና አልልም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእኔ ጀግንነት እንዳትጠብቁ ነው።

ወጋየሁ የትውልድ አገሩን አያውቅም። በአምስት ዓመቱ ገደማ ፈንጣጣ ዓይኑን ወሰደው። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከመንገድ ዳር አንስቶ አዲስ አበባ አመጣውና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በር ላይ ለዘበኛው አስረክቦት ሄደ። ሾፌሩ ከየት እንዳነሣው ተናግሮ ነበር አሉ፤ ዘበኛው ረሳው። «ወጋየሁ» የሚለውን ስም ያወጣለትም ያው ዘበኛ ነው። ይህን ሲያጫውተኝ «ማረም ያቃተኝ ስህተት ይኼ የዘበኛው መርሳት ብቻ ነው» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ግን አይረዝምም።

ትምህርቱን ሲጨርስ እዚሁ መካኒሳ በአንዲት ትንሽ የብሬል ማባዣ ክፍል ተቀጠረ። ብሬል የሚሠራው ከስድስት ነጥብ ነው፤ ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። ከስድስቱ የትኞቹ ጎላ ብለው እንደወጡ ጣት ዳስሶ ፊደሉን ያውቃል። ወጋየሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሌት በሚባለው የብረት ሰሌዳና በመውጊያ ወረቀት ሲወጋ ኖረ። አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ አራት ወር ይፈጅበታል። አንድ መጽሐፍ ማለት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ከፈለገ ሌላ አራት ወር።

በሰባ ዘጠኝ ከውጭ አገር በእርዳታ አንድ ኮምፒዩተር መጣ። ከእሱ ጋር ሁለት ማተሚያ አብሮ መጣ። አንደኛው ወረቀቱን እየወጋ የብሬል ነጥብ ያወጣል፤ ሁለተኛው ለቢሮ ደብዳቤ በቀለም ያትማል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳቅና ደስታ ሆነ፤ ችግሩ የታወቀው ሣጥኑ ተከፍቶ ከተገጣጠመ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ አማርኛ አያውቅም።

የሚያውቀው የእንግሊዝ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም የሠሩት ሰዎች አንድ ነገር አስተምረው ልከውታል፤ ለእያንዳንዱ የነጥብ አቀማመጥ አንድ ቁልፍ መድበውለታል። ኤል ሲነካ ነጥብ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ይወጣሉ። አምስት ቁጥር ሲነካ ነጥብ ሁለትና ስድስት ይወጣሉ። ማሽኑ የጻፈው «ለ» ይሁን ሌላ ግድ የለውም፤ የታዘዘውን ነጥብ ይወጋል፤ በቃ። የአማርኛ ብሬል ደግሞ አንዱን ፊደል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚጽፈው፤ መጀመሪያ ዋናው ድምፅ፣ ከዚያ አናባቢው። ወጋየሁ ይህን አሰላስሎ በሁለት ቀን ሠንጠረዡን ጨረሰው። «መ» ኤምና አምስት ነው። «ሙ» ኤምና ዩ። «ሚ» ኤምና አይ። «ማ» ኤምና ኤ። «ሜ» ኤምና ኢ። «ም» ኤም ብቻውን። «ሞ» ኤምና ኦ። እንዲህ ሲሆን «ሰላም» ኤስ፣ አምስት፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ተብሎ ይጻፋል። በነጥብ ማተሚያው ሲወጣ ለጣት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ግን የመኪና ታርጋ ሰልፍ ነው የሚመስለው፤ እንደ «መ» ያለው ግዕዝ ፊደል፣ ማለትም የመጀመሪያው ድምፅ፣ ብዙ ስለሆነ አምስት የሌለበት መስመር አይገኝም።

ይህን እንድትጽፍ የተቀጠረችው ገዲሴ ናት። የታይፕ ትምህርት የጨረሰች፣ ለቡ ከታላቅ ወንድሟ ቤት የምትኖር፣ የሃያ ስድስት ዓመት ረጋ ያለች ልጅ። እሷ መጽሐፉን እያየች በታርጋ ቋንቋ ትጽፋለች፤ ማሽኑ ይወጋል፤ ወጋየሁ የወጣውን በጣቱ እያነበበ ያርማል።

«መስመር ሰባት፤ አምስት ጎድሏል።»

«እሺ፣ ጋሽ ወጋየሁ።»

«መስመር አሥራ አንድ፤ በአይ ፈንታ ኢ ገብቷል።»

«እሺ፣ ጋሽ ወጋየሁ።»

ሁለት ዓመት ያወሩት ይህንኑ ነው። ነጥቡን በጣት ማንበብ ባትችልም ታርጋውን ከፊደል አስበልጣ ማንበብ ለመደች። እሱ ደግሞ ወደዳት። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁትና ምን ሆንክ አልኩት።

«ገዲሴ ዛሬ አንድም ስህተት አልሠራችም» አለኝ።

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? ምን ብዬ ላነጋግራት?»

እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመቱ አለቀ። ጥር ሲገባ ገዲሴ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስትነግራት ሰማ። እሁድ በሦስት ሰዓት ለወንድሟ ሽማግሌ ይመጣል፤ ጠያቂው የወሊሶ እህል ነጋዴ ነው፤ ከተስማሙ ሥራዋን ትታ ወደዚያው ትሄዳለች። ወጋየሁ በዚያው ቀን ማታ እኔ ዘንድ መጣ። የሰማውን ሲነግረኝ ሰው አላረመም፤ እኔን እንኳ።

«አንተም ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

«ማንን?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ «እኔ እሄድልሃለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አንድ ሰው ብቻውን ሽማግሌ አይሆንም፤ የሰው ቤት ገብቶ ዘሩ ለማይታወቅ ሰው መጠየቅም ያስፈራል፤ ብቻ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እሱ ግን የራሱን መንገድ አገኘ። ሰኞ ሁሉም ከሥራ ሲወጣ ብቻውን ቀረና ቁልፎቹን በጣቱ እየለየ ደብዳቤ ጻፈላት። በነጥብ ቢያወጣው አታነበውም። በቀለም ማተሚያው ቢያወጣው ግን፣ ያ የታርጋ ቋንቋ እሷ አቀላጥፋ የምታነበው፣ ሌላ መካኒሳ ውስጥ የተፈጠረ ሰው የማይገባው ምሥጢር ይሆናል። እንዲህ አስቦ አዘዘ፤ ማተሚያው ጮኸ። ያ ማሽን ደግሞ አንድ ዓመል ነበረው፤ አንድ ገጽ ካተመ በኋላ አንድ ባዶ ወረቀት አስከትሎ ይተፋል። ወጋየሁ እጁን ሲሰድ ሁለት ወረቀት አገኘ። ዳሰሳቸው። ሁለቱም ልሙጥ ናቸው።

እንግዲህ የወጋው ነገር ቢሆን ኖሮ በጨለማም ያነበዋል፤ ቀለም ግን ለጣት ምንም አይናገርም። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሰበብ ፈጥሮ «እስቲ ይህቺን እይልኝ» ይል ነበር። አራሚው ግን ሰው አይጠይቅም። መጀመሪያ የወጣው ከታች ነው ብሎ አሰበ፣ አሰላ፣ ተሳሳተ። ባዶውን አራት ቦታ አጥፎ ገዲሴ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። የታተመውን ደግሞ ከተበላሹት ወረቀቶች ጋር ቀላቀለው። የተበላሸ ወረቀት እንደልማዱ ማክሰኞ ጠዋት ለኑሪ ሱቅ የሚያደርሰው ራሱ ነው፤ ኑሪ በርበሬና ቆሎ ይጠቀልልበታል። በገዛ እጁ የልቡን ቃል ለመጠቅለያ ሰጠ።

ማክሰኞ ገዲሴ ምንም አላለችም። ረቡዕም አላለችም። «እሺ፣ ጋሽ ወጋየሁ» ብቻ። ረቡዕ ማታ ሳገኘው የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ ይህ የሰውን ኮሌታ በእጁ ዳስሶ የሚያስተካክል ሰው።

«እምቢ አለችኝ» አለኝ።

«ምን ብላ?»

«ምንም አላለችም።»

እሱ እንዲህ ሲሆን ኑሪ ደግሞ ያን ወረቀት ለሊቀመንበራችን ለጓድ አባይነህ ባለቤት ሚጥሚጣ ጠቅልሎበት ነበር። ጓድ አባይነህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነቃ ሰው ነበር፣ እሱ ነው ያስቸገረን። ስለ ንቃት የሁለት ሳምንት ሴሚናር ወስዶ ከመጣ ወዲህ የውሻ ጩኸት እንኳ ያለ ምክንያት አይመስለውም። ለምሳ ሚጥሚጣውን ሲፈታ ወረቀቱን አየ። የእንግሊዝ ፊደል፣ መሃል መሃሉ ላይ አምስት፣ ደግሞ አምስት፣ ደግሞ አምስት። ምሳውን ትቶ አምስቶቹን ቆጠረ። ከሃምሳ አለፉ። ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ጣል አድርጎ፣ «ጓድ አምሐ፣ አምስተኛ ረድፈኛ፣ የውስጥ ጠላት፣ ደጃችን ገብቷል» አለኝ። ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው የሚላከውን ደብዳቤ እንዳረቅ አዘዘኝ። እኔም ማርቀቅ ጀመርኩ፤ ጀግንነት አትጠብቁ ብያለሁ።

መጀመሪያ ኑሪ ተጠራ። «ጓድ፣ እኔ የጠቀለልኩት ሚጥሚጣ ነው፤ ሌላ አልጠቀለልኩም» አለና ወረቀቱን ያመጣለት ወጋየሁ መሆኑን ተናገረ። ወጋየሁ ተጠራ። በማሽኑ የምትጽፈው እሷ ናት ስለተባለ ገዲሴም አብራ ተጠርታ ኮሪደር ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ።

ጓድ አባይነህ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አነሣ።

«እኔ ፊደሉን አነባለሁ፤ አንተ ትርጉሙን ትናገራለህ። ጂ። አምስት። ዲ። አይ። ኤስ። ኢ።» እዚህ ላይ አስነጠሰው፤ ሚጥሚጣው አልተራገፈም። «እህ? ምንድን ነው?»

የወጋየሁ ፊት አመድ መሰለ። የሰማው የገዲሴን ስም ነው። ደብዳቤው ሊቀመንበሩ እጅ ላይ ነው ማለት ነው። እሷ ጋ የደረሰው ታዲያ ምንድን ነው? ያን ጊዜ ገባው። መፍራትና ደስ መሰኘት አንድ ላይ መጡበት።

«ጓዶች ነው የሚለው» አለ።

«ጓዶች። ጥሩ። ቀጥሎ?»

ቀጠለ። ጓድ አባይነህ እያነጠሰ ፊደል ይጠራል፤ ወጋየሁ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይፈጥራል። መሃይምነትን ከሥሩ እንነቅላለን፣ ዓይነ ስውራንም ከሰፊው ሕዝብ ጎን ይሰለፋሉ፣ ምኑ ቅጡ። ንግግሩ አማረ። እኔም በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት። ጓድ አባይነህ ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር፤ ለአብዮት በዓል ይነበባል ሊል ትንሽ ነበር የቀረው። ወዲያው ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለ።

«ቆይ። ይህ ጂ አምስት ዲ አይ ኤስ ኢ ሦስት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ጓዶች አልከኝ። መሃል ላይ ትምህርት አልከኝ። አሁን ደግሞ ድል ነው ትለኛለህ?»

አራሚው ታረመ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን በግማሽ የተረቀቀችው ደብዳቤ እጄ ሥር ነበረችና አልሳቅኩም። ከፍተኛ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ገዲሴ ተጠርታ ገባች። ወረቀቱን ተቀብላ በልቧ ማንበብ ጀመረች። አንድ ገጽ ናት፤ ቶሎ ማለቅ ነበረባት። እሷ ግን ከታች ደርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ጓድ ወጋየሁ ስለ መሠረተ ትምህርት ነው ብሏል» አለ ሊቀመንበሩ። «እውነት ነው?»

«ገዲሴ፣ እውነት ነው በይ» አለ ወጋየሁ ቀስ ብሎ።

«አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ሌላ ነው የሚለው።»

ኑሪ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እሷ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች።

«ገዲሴ። ሁለት ዓመት የነገርኩሽ ስህተትሽን ብቻ ነው። ጠዋት ስትመጪ እግርሽን ከአጥሩ በር ጀምሮ እንደምለየው አልነገርኩሽም። ሳል የያዘሽ ሳምንት አንድ ገጽ በትክክል አላነበብኩም። እሁድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ገዲሴ፣ እኔ የምልከው አባት የለኝም፤ አጎትም የለኝም። ያለኝ ይህ ወረቀት ነው። ከተስማማሽ ንገሪኝ። ካልተስማማሽ ምንም አትበዪኝ፤ ዝም ካልሽ ይገባኛል፤ ቅርም አይለኝም። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገዲሴ፣ ስህተት ካለው እንዳታርሚው።»

 መጀመሪያ የተናገረው ኑሪ ነው፤ «አላህ ያሳካው» አለ።

«እና ይኼ ሁሉ አምስት?» አለ ጓድ አባይነህ፤ ድምፁ ወርዷል።

«ግዕዝ ፊደል ነው፣ ጓድ» አለች።

ከዚያ ወደ ወጋየሁ ዞረች። ያን ጊዜ ጋሽ ማለቷንም አንቱታዋንም ተወችው። «መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀመጥከው እኮ ባዶ ወረቀት ነው።»

«አሁን ነው ያወቅሁት።»

«አራት ቦታ አጥፈህ ባዶ ወረቀት የሰጠኸኝ ለምን ይሆን ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ነገር ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ትናንትም መስመር አራት፤ አምስት ጎድሏል አልከኝ።»

«ጎድሎ ነበር» አለ ወጋየሁ። ዓመል አይለቅም።

ሳቀች። እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች። እሱም የእሷን ሳቅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይበቃል! ይኼ ጽሕፈት ቤት ነው» አለ ጓድ አባይነህ፤ ጠረጴዛውን ግን አልመታም። «ጉዳዩ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል፤ ክፍት ሆኖ አይቀርም። መልስሽን ተናገሪ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለጋብቻ ጥያቄ የምትመልሰው ልጂቱ አይደለችም፤ ወንድሜ ነው። ቤታችን ለቡ ነው። የወሊሶዎቹ እሁድ በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ።» ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። «እናንተ በሁለት ሰዓት ብትደርሱ ይሻላል።»

«እኛ እነማን?»

 ሊቀመንበሩን፣ ኑሪንና እኔን አንድ በአንድ አየችን። ያን ጊዜ ለከፍተኛው የጀመርኳትን ደብዳቤ ከደብተሩ ስር አውጥቼ ቀደድኳት። ጓድ አባይነህ አየኝ፤ መነጽሩን አወለቀ።

እሁድ ጠዋት ሦስታችን በእግር ወደ ለቡ ወረድን። ጓድ አባይነህ ከበዓል በቀር የማይለብሰውን ኮት ለብሷል፤ ኑሪ አዲስ ቆብ አድርጓል። ወጋየሁ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝቶን የምንናገረውን ሲያርም ነበር፤ «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ምርቃት፣ መፈክር የሚባል እንዳይገባበት» እያለ። ጓድ አባይነህ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜም በመፈክር ጨረሰ። ወጋየሁን ከአንድ ዛፍ ሥር ትተነው ሄድን፤ ጠያቂው አብሮ አይገባምና።

የገዲሴ ወንድም ዳኜ ይባላል። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ግንባሩ የማይፈታ ገበሬ ነው። ግቡና ተቀመጡ አለን። በወጉ መሠረት አልተቀመጥንም፤ ለመጣንበት ጉዳይ እሺታ እስኪሰጠን እንቆማለን አልን። ቀበሌው በሙሉ ፊቱ የሚቆምለት ጓድ አባይነህ እጁን አጣምሮ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ቆመ። እህትህን ለልጃችን ብሎ ለመነ። ልመናው አጭር ነበር፤ መፈክርም አልነበረበትም።

ዳኜ ጋቢውን አስተካከለ። 

«ዓይነ ስውር መሆኑን እህቴ ነግራኛለች» አለ በመጨረሻ። «እሱን አልጠይቅም፤ አብራው ሠርታለች፣ ታውቀዋለች። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ የማን ነው?»

ኑሪ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ስለ ሾፌሩና ስለ ዘበኛው ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ገዲሴ ጓዳ ውስጥ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን።

«የእኛ ነው» አለ ጓድ አባይነህ።

ዳኜ ሌላ ነገር እስኪጨምር ጠበቀው። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ንግግር ጨርሶ የማያውቀው ሊቀመንበራችን ምንም አልጨመረም። ዓይን ዓይኑን አየው።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለን ዳኜ።